ቀሪ አንድ

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ከቸርችል ቁልቁለት፣
ጃንጥላ ተክዬ ዕድል በምሸጥበት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል አንድ ሰው፤
ጋሽ ልሳነወርቅ ነው።
ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣
ጥፍሩ ሥር ጠመኔ እስከ ዛሬ የቀረ።

ሌላው ገዢ ሁሉ በሕልሙ ይመርጣል፣
የልጁን ልደት፣ የመኪና ታርጋ ከትኬቴ ይፈልጋል፤
እሱ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ቁጥር ይመዝናል፣
እንደ በግ ገዢ፣ ላቱን በመዳፉ አንጠልጥሎ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣
ሁለት ጎረቤታም ትኬቶች አነሳ፤
አይከፍልም፣ አያስቀምጥም።
«ስሚው እስቲ፣ ትርንጎ፣ ይኼኛው ሲጠራ፦
አምስት መቶ አሥር ሺህ፣ አምስት መቶ አሥር።
ገደል ማሚቶ ነው፣ ያለውን መልሶ ሲናገር።
ድግስ ነው ይኼ ቁጥር!
ሁለትና ሦስት፣ አምስትና ሰባት፣
አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣
ሰባት ወንድማማች ከበው ይቀርቡታል፣
ለጠብ የሚሆን ፍርፋሪ ሳይተርፍ ይካፈሉታል።
ሰባት መቶ አሥራ አራት
የግድግዳ ጎረቤቱን፣ ሰባት መቶ አሥራ አምስትን ቢያገባ፣
የሚወለደው እሱ ነው።
መቶ ሃያ ስምንት አካፋይ!
እንዲህ ያለ ዘመዳም የት አለ?»

ያኛው ትኬት ግን በአንድ ብቻ ይበልጣል።
በሁለት፣ ቀሪ አንድ። «ጎዶሎ» አለ።
በሦስት፣ ቀሪ አንድ።
በአምስት፣ በሰባት፣ ቀሪ አንድ፣ ቀሪ አንድ።
ማስላት አያስፈልገውም ነበር፤
አሰላው ግን፣ በፖስታ ጀርባ፣ እንደ ስም ጥሪ፣
እስከ አሥራ ሰባት ድረስ። ቀሪ።

«ከክፍል የጠፋ ልጅ ቀሪ ይባላል፤
ተካፍሎ የተረፈም ቀሪ ይባላል።
አንዱ የሌለ ነው፣ አንዱ ደግሞ የተረፈ፤
አማርኛ ለሁለቱ አንድ ቃል ሰጥቶ አለፈ።»

«ታዲያ ብቸኛ ቁጥር ነው?» አልኩት።
«ብቸኛ ለማለት አይቸኮልም፤
እስከ ሰባት መቶ አሥራ አራት በር በር ይንኳኳል።
ከዚያ ወዲያ የሚከፍለው ቢኖር፣
ወዲህ ባልንጀራ አያጣም።»

ዝናቡ ወረደ።
ከፈለኝና ትኬቱን እጄ ላይ ተወው፣
«የቀረውን ሞክሪ፣ የቤት ሥራሽ ነው፤ ማክሰኞ አርመዋለሁ።»
ጋዜጣ ራሱ ላይ ደፍቶ
ወደ ብሔራዊ ቴአትር ተሻገረ።
ድግሱን ሙሉሰው የታክሲው ረዳት ገዛው፣ በዝርዝር ሳንቲም።

ማታ ለገሃር ሰልፍ ላይ፣ በስልኬ፣
ከአሥራ ሰባት ቀጥሎ ያለውን በር፣
አሥራ ዘጠኝን አንኳኳሁ።
ተከፈተ!
ሃያ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ዘጠኝ፤
ነጥብ የለው፣ ቀሪ የለው።
ታክሲው ሳይመጣ እሱም ተፈታ፣
ዘጠና ሰባት ጊዜ ሁለት መቶ ሰባ ሰባት።
ብቸኛ የመሰለኝ
ሦስት ብቸኞች ናቸው፣ ተቃቅፈው የቆሙ፣
ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ሰው የሚመስሉ።

ማክሰኞ አልመጣም።
ዕጣው ወጣ፤ የመጨረሻዋ አኃዝ እንኳ አልነካችውም።
በሚቀጥለውም አልመጣም።
ቤቱን አላውቀው። ስልኩን አልጠየቅኩት።
ያውቅ ነበር መሰለኝ፤
ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረን ሰው
አሥራ ሰባት ላይ ዝናብ አያስቆመውም።

ዛሬ ሦስተኛው ማክሰኞ ነው።
ትኬቱን ገልብጬ ስም እጠራለሁ፦
አሥራ ዘጠኝ።
አቤት።
ዘጠና ሰባት።
አቤት።
ሁለት መቶ ሰባ ሰባት።
አቤት።
ጋሽ ልሳነወርቅ።

እርሳሱን አላነሳሁም።
ገና አራት ሰዓት ነው።